እጄን አቀዝቅዤ ነው የምነካት

ሃያ ሦስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ዳቦ ስጋግር ኖሬ ባለፈው ግንቦት ሥራዬን ለቀቅሁ። ጉልበቴ እምቢ አለ። ባለዳቦ ቤቱ ጋቢ አልብሰው፣ የሥራ ጓደኞቼ አጨብጭበው ሸኙኝ። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። በጤና ጣቢያችን ያለችው ወጣት ነርስ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ "እማማ ወርቄ፣ ልጆቻቸው ስኳር የያዛቸው አዳዲስ እናቶች አሉን። ሌሊቱን ይፈሩታል። መጥተው ቢያጫውቷቸው?" አለችኝ።

ሰው ፊት ቆሞ መናገር አይሆንልኝም፣ ድምፄ ይጠፋል። ትምህርቴም አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። መጻፍ ግን በልጄ ደብተር ምክንያት ለምጄዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት፣ ነርሷ ታንብብላችሁ። ሌሊቱን መፍራታችሁን ሰምቻለሁ። እኔም እፈራዋለሁ። ፍርሃቱን የሚያጠፋ ነገር አላውቅም። እሱን ይዞ እንዴት እንደሚሠራ ግን ትንሽ አውቃለሁ።

ዳቦ ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ሥራ የጀመርኩት ደርግ ከወደቀ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነበር። የልጄ አባት በዚያው ዓመት ሞቶብኝ ነበር፤ ልጄ ቤዛ ገና ጡት አልጣለችም። መጀመሪያ ላሜራ አጣቢ ሆንኩ፤ ላሜራ የምንለው ዳቦው የሚደረደርበት ቆርቆሮ ነው። ቀጥሎ ዱቄት ነፊ ሆንኩ። በሦስተኛው ዓመት ሊጥ ላይ አስገቡኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቦታዬን አልቀየርኩም። ማታ ሦስት ሰዓት እንገባለን፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንወጣለን። ደመወዙ እንዳያስርበን ያህል ነበር። በረከቱ ሁልጊዜ ዳቦ ይዞ ወደ ቤት መግባት ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ዲሪባ ናቸው። ከእንጦጦ ወዲያ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጡ የገበሬ ልጅ ነበሩ። ለምድጃችን የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ከሚያወርዱልን ሴቶች ጋር በኦሮምኛ ሲጫወቱ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ሲቆጡ ያድራሉ። ሰዓት አያዩም። ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሰዓት ነበረን፤ "እሱ የሚጠቅመው ለባለቤቱ ነው" ይሉ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከማቡኪያው ገንዳ አጠገብ የቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ያስቀምጣሉ። ሊጡ ኩፍ ማለቱን ሊያዩ ሲሉ እጃቸውን እስከ አንጓቸው ድረስ ውኃው ውስጥ ይከቱና ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ በሽርጣቸው ያደርቁትና በጣቶቻቸው ጀርባ ሊጡን ነካ ያደርጉታል። በአንድ ሌሊት ሠላሳ ጊዜ ቢነኩ ሠላሳ ጊዜ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ።

ልጅነትም ነበረብኝና ጠየቅኋቸው። "ጋሽ ዲሪባ፣ እጅዎ ንጹሕ አይደለም እንዴ? ለምን ይህን ያህል ይታጠባሉ?"

"መች ታጠብኩ? አቀዘቀዝኩት እንጂ።"

"ለምን?"

"ከምድጃ የመጣ እጅ ሊጡን አይሰማም፣ ራሱን ነው የሚሰማው። ነይ፣ አንቺ ንኪው።"

ነካሁት። "ሞቋል" አልኳቸው።

"እጅሽን ንከሪና እንደገና ንኪው።"

ነክሬ ነካሁት። ሊጡ ቀዝቃዛ ነበር፣ ገና ምንም አልተነሳም። ሳቁብኝ። "ኢንታላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ሞቋል ያልሽው የራስሽን እጅ ነው።"

ያን ቀን የሰማሁትን በልቤ ብይዘው ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ መልክ ነበር።

ቤዛ ሰባት ዓመት ሲሞላት ውኃ አልበቃት አለ። ጆግ ሙሉ ትጠጣለች፣ ሌሊት ትሸናለች፣ ቀሚሷ ሰፋት። ጎረቤቶቼ ቡዳ ነው፣ ወስፋት ነው፣ አባቷን ናፍቃ ነው አሉ። የቤቴን ጥግ ጉንዳን ወረረው። በኋላ ነው የገባኝ፤ ፖፖው የሚቀመጥበት ጥግ ነበር፣ ሽንቷ ውስጥ ያለው ስኳር ነው የጠራው። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ መሽተት ሲጀምር አዝዬ ወደ ሆስፒታል ወረድኩ። ሐኪሙ መርምሮ፣ "ስኳር ነው። የልጆቹ ዓይነት። መርፌውን ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች" አለኝ። ስኳር የሀብታም ሽማግሌ በሽታ ይመስለኝ ስለነበር ሌላ ልጅ መርምረው ወረቀቱ የተቀያየረብኝ መስሎኝ ተከራከርኩት።

እዚያ ነው ሲስተር አበበችን ያወቅኋቸው። በዕድሜ የገፉ ነርስ ነበሩ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። መርፌ መውጋት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብልቃጦቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጥርት ያለ፣ አንዱ ደፍራሳ። ጥርት ያለው መጀመሪያ ይቀዳል፣ ደፍራሳው ይከተላል። ደፍራሳውን ለመቀላቀል ስንጠው እጄን መታ አደረጉኝ።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።"

"እንግዲያው አትናጪው። ሊጥ እንደምታድቦለቡዪው በመዳፍሽ መሐል አንከባልዪው።"

ያ ብቻ ቀላል ሆነልኝ። መዳፌ የሚያውቀው ሥራ ነዋ። ማቀዝቀዣ ስላልነበረኝም እርጥብ አሸዋ በሞላሁበት ገንቦ ውስጥ መድኃኒቱን እንዳስቀምጥ አሳዩኝ። እስካሁን ያ ገንቦ አልጋዬ ሥር አለ።

ልንወጣ ስንል ሲስተር አበበች በሩን ዘግተው አጠገቤ ተቀመጡ። "አሁን የምነግርሽን አትርሺ። ስኳሯ ቀን ቢወርድ ራሷ ትነግርሻለች። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ራበኝ ትልሻለች። ሌሊት ግን ተኝታ ነው የሚወርደው። አትነግርሽም። የማታው መድኃኒት ጉልበቱ የሚበረታው ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ተነሺና ማጅራቷን ንኪ። ቀዝቃዛ ላብ ካላባት ቀስቅሻት፣ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ስጫት፣ ከዚያ ዳቦ ታስከትል። አልነቃ ካለችሽ አፏ ውስጥ ምንም አታፍስሺ፣ ትታነቃለች። በጎኗ አስተኝተሽ ስኳር በጣትሽ ድዷ ላይ ቀቢና ወደዚህ ሩጪ።"

"ባልነቃስ?" አልኳቸው። "እኔ እንቅልፍ ቢወስደኝስ?"

መድኃኒቱን ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት። ሊዋሹኝ አልፈለጉም።

እንግዲህ አስቡት። ለልጄ በሚፈራበት ሰዓት እኔ ምድጃ ፊት ነኝ። የሌሊት ሥራ እንጂ የቀን ሥራ አልነበረንም፤ ሌላ ሥራ ብፈልግም የመርፌዋን ዋጋ የሚችል አላገኘሁም። መጀመሪያ ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ አብረዋት ያድሩ ነበር። በጸሎት የሚተጉ ሰው ስለሆኑ ለሌሊት ጸሎታቸው ሲነሱ ማጅራቷን ይነኩልኛል። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ጠዋት ከሥራ ስመለስ ዳገቱን እየሮጥኩ እወጣለሁ፤ የደጁን ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ቆሜ ድምፅ እሰማለሁ። ሳል ወይም የዕቃ ኮሽታ ከሰማሁ እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። ዝም ካለ ስሟን እየጠራሁ በሩን እደበድባለሁ። በየቀኑ ነው እንግዲህ።

በኋላ እትዬ ሙሉን ልጃቸው ላምበረት አጠገብ ወዳለው ቤቱ ወሰዳቸው። ቤዛ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ሁለት ሌሊት ከሥራ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዲሪባ ቤቴ ድረስ መጡና፣ "ይዘሻት ነይ" አሉኝ። ከምድጃው ጀርባ፣ ከዱቄቱ ክምር ጎን፣ ጆንያ ደርበው አልጋ አበጁላት። ባለዳቦ ቤቱ ሊቆጣጠሩ ገብተው አዩዋት።

"ዲሪባ፣ ይህ ዳቦ ቤት ነው አልጋ ቤት?"

"ጌታዬ፣ አንድ ጆንያ ዱቄት ጨመረ ብለው ይቁጠሩት።"

"የሚተነፍስ ዱቄት!"

"እሱማ ካልተነፈሰ ነው ችግሩ" አሉ ጋሽ ዲሪባ። ባለዳቦ ቤቱ ሳቅ አመለጣቸውና ወጡ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ከዓይኔ ሥር ናት፣ ሞቋታል፣ ዳቦም ስኳርም ቅርብ ነው። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዴ ሄጄ ማጅራቷን እነካለሁ። ይኸው ነበር ጥበቃዬ።

ቤዛ አንድ አመል ነበራት፤ መሮጥ ትወዳለች። ንጋት ላይ የዳቦ ቤቱን በር ስንከፍት ሯጮች በቡድን በቡድን ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። እሷ ትኩስ ዳቦዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ጫማቸውን፣ አተነፋፈሳቸውን። አንድ ቀን "እማ፣ እኔም ከክፍሌ ልጆች፣ ከነሜሪ ጋር እስከ ጫካው ልሩጥ?" አለችኝ።

"ሩጫ የምትባል ነገር ከአፍሽ እንዳልሰማ። ልትገድዪኝ ነው?"

"እሺ እማ።"

"ማዪ።"

"እንዲህ ያድርገኝ፣ አልሮጥም" አለችና ማለች። ደግሜም አላነሳችውም። ልጅ እሺ ሲል ነገሩ ያለቀ ይመስለን የለም? እኔም አለቀ ብዬ ተኛሁበት።

ያ ልነግራችሁ የፈለግሁት ሌሊት የበዓል ዋዜማ ነበር። ትእዛዙ ከሌላው ቀን ሦስት እጥፍ ሆኗል። ምድጃው እስከ አፉ ነዷል። ቤዛ ያን ማታ እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች፤ ዳቦ ቤት እንደገባን ጫማዋን እንኳ ሳትፈታ ተኛች። ጫማዋን ሳወልቅላት ካልሲዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጣብቆ አየሁ። እንጨት ተሸካሚዎቹ የጣሉት ነው ብዬ አራገፍኩት። ጫማዋ ላይ ቀይ አፈር ነበር፤ እሱንም አላሰብኩበትም።

ስምንት ሰዓት ላይ ከምድጃው አፍ ላሜራ አውጥቼ እንደዞርኩ ሮጥ ብዬ ማጅራቷን ነካሁ። እርጥብ ነው። "ሞቋታል" አልኩ። ከምድጃው ጀርባ የሚተኛ ሁሉ ያልበዋል፤ ጋሽ ዲሪባም ጋደም ሲሉ ያልባቸዋል። ብርድ ልብሷን ገፈፍኩላትና ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ነካኋት። ላቡ ጸጉሯን አርሶታል። እጄ ትኩስ ነበር፣ እንደ ፍም። ያገኘሁት ሙቀት ነው። ታንኮራፋ ነበር፣ ድሮ አታንኮራፋም። "ደክሟታል" አልኩና በሻርፔ ላቧን ጠረግሁላት። ልጄ እየሄደችብኝ እኔ ላብ ጠረግሁላት።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ጋሽ ዲሪባ ሊጥ ለመንካት እጃቸውን ነክረው፣ ገና ሳያደርቁት ዱቄት ሊያነሱ ወደ ጀርባ ዞሩ። ጆንያውን ሲስቡ እጃቸው አንገቷን ነካ። የሰማሁት ድምፃቸው ከሰው የወጣ አልመሰለኝም።

"ወርቄ! ልጅቷ በረዶ ናት!"

ሮጥኩ። ጠራኋት፣ ነቀነቅኋት፣ በጥፊ መታኋት። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ነጩ ብቻ ይታያል፤ ጥርሷን ነክሳለች። ስኳር በጥብጬ ጣሳውን ወደ አፏ ሳስጠጋ ጋሽ ዲሪባ እጄን ያዙኝ።

"አታፍስሺባት!"

"ልቀቁኝ! ልትሞትብኝ ነው!"

"አታፍስሺ አልኩሽ! የማይውጥ ጥጃ ላይ ወተት አፍስሼ በእጄ ገድያለሁ። በጎኗ አድርጊያት!"

ያኔ የሲስተር አበበች ቃል ትዝ አለኝ። በጎኗ አስተኛናት። ስኳሩን በውኃ ለውሼ በጣቴ ድዷና ጉንጯ መሐል ቀባሁ። ዳቦ የምታደርሰው መኪና ለበዓሉ ሲባል በጊዜ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ከዳቦው ሳጥን ጋር ከኋላ ጫኑን። ሾፌሩ ዳገቱን ፍሬን ሳይነካ ነው ያወረደን። በጎኗ አቅፌያት ጣቴ ከድዷ አልተነሳም፤ ስኳሩ ሲያልቅ ሌላ እቀባለሁ። ከላይ ከጫካው ጅብ ይጮኻል። "ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ" እያልኩ ነበር። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሆስፒታሉ በደም ሥሯ ግሉኮስ ሰጣት። ሲነጋ ዓይኗን ገለጠች። ቶሎ አልተናገረችም፤ አንጎሏ የተጎዳ መስሎኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከብዙ በኋላ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"እማ፣ አትቆጪኝ። ትናንት ሮጫለሁ።"

ከሞት መልስ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር። የፈራችው ሞትን አልነበረም፣ እኔን ነው።

ሲስተር አበበች ማለዳ ገብተው ሁሉንም ሰሙ። እኔ፣ "ከእንግዲህ ከደጅ አትወጣም፣ አስራታለሁ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

"የሮጠ ሰው ስኳሩ ዕለቱን ብቻ አይደለም የሚወርደው፣ ሌሊቱንም ይወርዳል። ይህን ሳልነግርሽ በመቅረቴ የእኔም ጥፋት አለበት። ግን ወርቄ፣ ለዚህ ያበቃት ሩጫው አይደለም። ብትነግርሽ ኖሮ ዳቦ ትጨምሪላት ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ ታይያት ነበር። ለምን አልነገረችሽም?"

መልሱን አውቀዋለሁ። እሳቸውም ያውቁታል።

ከዚያ ሐኪሙን አማክረው ሥርዓት አወጡልን። የሮጠች ቀን የማታው መድኃኒት ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ይቀንሳል፤ ከመኝታ በፊት መክሰስ ይጨመራል፤ ሌሊት ሁለቴ ሳይሆን ሦስቴ ትታያለች። አንድ ያረጀ የስኳር መለኪያ አሮጌ ካርቶን ውስጥ ፈልገው ሰጡኝ። ጣቷ ተወግቶ ደሟ የሚነካበት ወረቀት ውድ ስለነበር ለሮጠችባቸው ሌሊቶች ብቻ እቆጥበው ነበር። አንድ ደብተርም ሰጡኝ። "በየቀኑ ጻፊ። ሮጠች፣ አልሮጠችም። ስንት ተወጋች፣ ምን በላች፣ ሌሊት ስንት ሆነች።" እኔ መጻፍ የለመድኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፊደሎቼ እንደ ዶሮ ጭረት ነበሩ። ዛሬ አሥራ አራት ደብተር አለኝ።

ወደ ሥራ ስመለስ ጋሽ ዲሪባን ለማየት አፈርኩ። ያስተማሩኝን ረስቼ ነው ልጄን ልገድል የነበረው። በእሳት እጅ በረዶን ነክቼ ሞቋታል ያልኩ ሰው ነኝ። በዱቄቱ ክምር አጠገብ፣ ከቤዛ ራስጌ፣ ሌላ የቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ተቀምጦ አገኘሁ። ንጹሕ ፎጣም ተሰቅሏል። ስምንት ሰዓት ሲሆን ወደ እሷ ስሮጥ ጋሽ ዲሪባ ከገንዳው ሳይዞሩ፣ "ሱታ" አሉኝ። ቀስ በይ ነው። ቆምኩ። እጄን ውኃው ውስጥ ከተትኩ፣ ቆየሁ፣ አደረቅሁ፣ በጣቶቼ ጀርባ ማጅራቷን ነካሁ። ደረቅና ሞቃት ነበረች። ያኔ ነው ሆስፒታል ያላለቀስኩትን ያለቀስኩት። ጋሽ ዲሪባ ወደ ሊጡ ዞረው ዘፈን ነገር ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሲዘፍኑ ሰምቻቸው አላውቅም።

አልጋዋንም ከምድጃው ጀርባ አንስተን ወደ በሩ፣ ወደ ቀዝቃዛው ጎን አዞርነው።

የከበደኝ ግን ባልዲው አልነበረም። ቤዛ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ከሩቅ ቆማ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ "እማ፣ ዛሬ ሮጫለሁ" ስትለኝ ነው የከበደኝ። መጀመሪያ ጊዜ ስትለኝ ምላሴን ነከስኩት።

"እስከ የት?" አልኳት።

"እስከ ጫካው ጥግ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሁለቴ።" ቀና ብላ ፊቴን አየች። "አንደኛ ወጣሁ።"

"ደብተሩን አምጪው" አልኳት። ሮጠች ብዬ ጻፍኩ። እሷ በጎን እያየች፣ "እማ፣ አንደኛ መውጣቴንም ጻፊው" አለችኝ። ጻፍኩት። ሲስተር አበበች በቀጠሯችን ቀን ደብተሩን ሲያገላብጡ ያን አይተው መነጽራቸውን ጠረጉ።

ያ ማለት ግን ፍርሃቱ ቀረ ማለት አይደለም። ከዚያ ሌሊት በኋላም ስኳሯ ብዙ ጊዜ ወርዷል፣ ደብተሩ ላይ ሁሉም አለ። ግን ሁሌም ቀድመን አገኘነው፤ ነቅታ ጠጥታ "ደግሞ ቀሰቀስሽኝ" ብላ ተነጫንጫ ተኝታለች። ነጭናጫ ልጅ ያላት እናት ዕድለኛ ናት።

ጋሽ ዲሪባ ዓይናቸው ሲደክም ወደ ሱሉልታ ተመልሰው እዚያው አረፉ። ሲስተር አበበችም ጡረታ ወጡ። ዳቦ ቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ወደ አሮጌው እንመለሳለን። ቤዛ አደገችና የስፖርት መምህርት ሆነች። አዎ፣ ልጆች ማስሮጥ ነው ሥራዋ። የተመደበችው ሩቅ ከተማ ነው፤ ብቻዋን ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ስትሄድ ባልዲ ልሸክምላት አልችል። እንዲህ ተስማማን፦ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት በስልኳ ደወል ትነሳለች፣ ትለካለች፣ ለእኔ አንዴ ሚስኮል ታደርጋለች። አንዴ ከጮኸ ደህና ናት። ሁለቴ ከጮኸ ወርዶ ነበር፣ ስኳር ወስዳለች። ስልኩን ሽርጤ ኪስ ውስጥ አድርጌ ሊጥ ላይ እጠብቃለሁ። ሠራተኞቹ ሰዓቱን አውቀውታል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮውን ይቀንሱልኛል።

የመጨረሻዋ የሥራ ሌሊቴ ላይ ስልኩ አልጮኸም።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ተኩል። እኔ ደወልኩ፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ ያው። አሥር ሰዓት ሆነ። "እማማ ወርቄ፣ ኔትወርክ ይሆናል፣ ይቀመጡ" አሉኝ ሠራተኞቹ። በዓይኔ የታየኝ ጆንያው ላይ የተኛችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፣ ግማሽ የተከፈተው ዓይኗ። ከእሷ ጋር ያለው ማን ነው? እጁ ድንገት የሚነካት ማን አለ? አውቶቡስ ከላምበረት የሚነሳው ሲነጋ ነው፤ ብሄድ የምደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው።

ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ወደ ባልዲው ሄድኩ። እጄን እስከ አንጓዬ ነከርኩ። ቆየሁ። አደረቅሁት። በጣቶቼ ጀርባ ሊጡን ነካሁ። ገና ነበር። ሸፈንኩት። ከዚያ እንደገና ነከርኩ። እስኪነጋ ድረስ ይህን ብቻ ሠራሁ፤ ሌላ ሥራ እጄ ላይ አልቀረም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኪሴ ጮኸ። አንዴ ጮኸ። ሁለተኛ ጮኸ። ሦስተኛም ሲጮህ አነሳሁት።

"እማ! ኔትወርክ ሌሊቱን ሙሉ አልነበረም፣ አሁን ገና ነው የመጣው። ደህና ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስኳሬ ስድሳ ነበር፣ ትናንት ከልጆቹ ጋር ሮጬ ነበር። ስኳር ጠጣሁ፣ ዳቦ በላሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ መቶ አሥር ሆነ። ጽፌዋለሁ።"

ስልኩን እንደያዝኩ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማ? አለሽ? አንቺስ ምን ስታደርጊ አደርሽ?"

"ሊጥ ስነካ" አልኳት።

የባልዲውን ነገር ታውቃለች፤ እሱ ራስጌዋ ሆኖ ነው ያደገችው። "እጅሽን አቀዝቅዘሽ?" አለችኝ።

"አቀዝቅዤ።"

"ኩፍ ብሏል?"

ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሐል ይዤ እጄን ነከርኩ፣ አደረቅሁ፣ ነካሁት። "አሁን ብሏል" አልኳት።

ዛሬ ቤቴ ነኝ፣ ምድጃ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን እነቃለሁ፣ አንድ ሌሊት አልሳትኩም። ስልኩን ትራሴ ላይ አድርጌ በጨለማ እጠብቃለሁ፤ ልቤ እንደ መጀመሪያው ቀን ይመታል። አንዴ ሲጮህ አላነሳውም። ደብተሩን ስቤ አንዴ ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ እተኛለሁ።